ጤዛው ሲተን የሚቀረው

(የስብከቱ ምንባባት፦ ዘጸ. 16፥13-15፤ 2ሳሙ. 12፥1-13፤ ሉቃ. 23፥27-48፤ የሐዋ. 2፥37)





ከሲቀላ ሜዳ ተነሥቶ በማለዳ ወደ ጨንቻ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ አንድ ነገር ያስተውላል። በቆላው ምድሩ ደርቆ፥ አየሩም ገና ከንጋቱ ሞቆ ሳለ፥ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው ደጋ ላይ ግን ሣሩም የእንሰቱም ቅጠል ጤዛ ለብሶ ይቆየዋል። የመንገደኛው እግር ይርሳል፤ የልብሱም ጫፍ ይርሳል። ፀሐይ ብቅ ካለች በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ ያ ሁሉ እርጥበት የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ይጠፋል። መንገደኛውም ረስቶት ጉዞውን ይቀጥላል።

ነቢዩ ሆሴዕ ይህን አስተውሎ ነበር። በትንቢቱ ምዕራፍ 6 ላይ እግዚአብሔር ስለ ሕዝቡ ሲያዝን፥ የሕዝቡን ፍቅር ከማለዳ ደመናና ፈጥኖ ከሚያልፍ ጠል ጋር ያመሳስለዋል። መጽሐፍ ጠል የሚለው እኛ ጤዛ የምንለውን ነው። ያ ሕዝብ ወደ እግዚአብሔር እንመለስ ብሎ ነበር፤ ኀዘኑም ሐሰት ነበር አልተባለም። ጉድለቱ ፀሐይ እስክትወጣ ብቻ የሚቆይ መሆኑ ነበር።

ዛሬ ስለ እንባ ልናገራችሁ እወዳለሁ፤ ይኸውም በአንድ ፊልም ፊት ስለ ፈሰሰ እንባ ነው።

1. ያ ምሽት

ፊልሙ ስሙ ራሱ «ጤዛ» ይባላል። የሠሩት ጎንደር ተወልደው ያደጉትና በዋሽንግተን በሚገኘው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው የፊልም ባለሙያ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፥ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልሞች በዓል ዋናውን ሽልማት ተቀብሏል።

ታሪኩ የአንድ ምሁር ታሪክ ነው። አንበርብር የተባለው ይህ ሰው ሕክምና ለመማር ወደ ጀርመን አገር ይሄዳል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አገሩን የመለወጥ ሕልም ያልማል። ከአብዮቱ በኋላ ሲመለስ ግን የሚያገኘው ሕልሙን ሳይሆን ፍርሃትንና ደምን ነው። የቅርብ ጓደኛው ይገደልበታል። እንደገና ወደ ጀርመን ሲላክም በዚያ የዘረኞች ጥቃት ይደርስበትና አንድ እግሩን ያጣል። በመጨረሻም በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ በጣና ሐይቅ አጠገብ ወዳለችው የትውልድ መንደሩ፥ ወደ አረጋዊት እናቱ ቤት፥ በአንድ እግሩና በቆሰለ አእምሮ ይመለሳል። ሌሊት ይቃዣል፤ ያለፈውም ዘመን በቁርጥራጭ እየመጣ ያስጨንቀዋል። በመንደሩም ሰላም የለም፤ ወጣቶች በአፈሳ ወደ ጦር ሜዳ እንዳይወሰዱ በዋሻ ውስጥ ተሸሽገው ይኖራሉ፤ እናቶችም ልጆቻቸውን በማጣት ይጮኻሉ።

ይህን ፊልም በአንድ ቅዳሜ ምሽት በሲቀላ ለወጣቶቻችንና ለወላጆቻቸው በአዳራሽ አሳየን። ነጭ አንሶላ በግድግዳው ላይ ተወጠረ፤ የፕላስቲክ ወንበሮች ስላልበቁ ብዙዎች ቆመው አዩ። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በመካከሉም መብራት ጠፍቶ ነበር። ነገር ግን መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አልነበረም። ሲፈጸም አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ዘመን የሚያውቁት እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር፤ ዘመኑን በወሬ ብቻ የሚያውቁት ወጣቶችም አለቀሱ።

እኔም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ደስ አለኝ። ምሽቱ የተሳካ መሰለኝ። ሰዎች ከልባቸው ተነክተዋልና ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶቹ ከበቡኝና ቀጣዩ ፊልም መቼ እንደሚሆን ጠየቁኝ። ስለ «ጤዛ» ግን አንዳችም አላነሡም። ፀሐይዋ ወጥታ ነበር፤ ሣሩም ደርቆ ነበር።

2. ቤተ ክርስቲያንና ሲኒማ

አንዳንድ ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ስለ ፊልም ምን አገባት ይሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ጉዳይ መናገር ከጀመረች ዘመናት አልፈዋል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1936 እ.ኤ.አ. «ቪጂላንቲ ኩራ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ስለ ሲኒማ ጥቅምና ጉዳት አስተምረዋል። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኢንተር ሚሪፊካ» በተባለው ሰነድ የመገናኛ ብዙኃንን ከሚያስደንቁ የሰው ልጅ ግኝቶች መካከል ቆጥሯቸዋል። በወጣትነታቸው በትውልድ አገራቸው በፖላንድ ተዋናይና የቴአትር ጸሐፊ የነበሩት ቅዱስ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ፥ ሲኒማ በተወለደ በ100 ዓመቱ፥ በ1995 እ.ኤ.አ. የተከበረው የዓለም የመገናኛ ብዙኃን ቀን መሪ ሐሳብ ሲኒማ የባህልና የመልካም እሴት አስተላላፊ መሆኑን የሚመለከት እንዲሆን አድርገዋል።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ፊልምን በጅምላ አትኮንንም፤ በጅምላም አታወድስም። የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ሥዕል በሰው ልብ ውስጥ ምን ይሠራል? መብራቱ በርቶ ሰዎች ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላስ ምን ትቶ ያልፋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ደግሞ ሲኒማ ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመናት በፊት የተጻፈው ቅዱስ መጽሐፍ ነው።

3. ናታን የተረከው ታሪክ

ንጉሥ ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን ከወሰደ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ መጣ። ናታን ንጉሡን በቀጥታ አልወቀሰውም፤ ታሪክ ነገረው እንጂ። ብዙ መንጋ ያለው አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ ከአንዲት ታናሽ በግ በቀር ምንም የሌለው አንድ ድሀም ነበረ። ያቺ በግ ከድሀው ማዕድ እየበላች፥ በብብቱም እየተኛች እንደ ልጁ ታድግ ነበር። እንግዳ በመጣበት ቀን ባለጠጋው የራሱን መንጋ ሠሥቶ የድሀውን በግ አረደ።

ዳዊት ይህን ሲሰማ ልቡ ነደደ። ያን ባለጠጋ ሞት ይገባዋል ብሎ ፈረደበት። ተመልከቱ፤ ታሪኩ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ዳዊት ለድሀው አዝኗል፤ በግፈኛውም ተቆጥቷል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ግን ዳዊት ጥሩ ታሪክ ሰምቶ፥ በራሱም ርኅራኄ ተደስቶ ይተኛ ነበር፤ የኦርዮም ደም በቤቱ ይቀመጥ ነበር። ዳዊትን ያዳነው ቍጣውም ርኅራኄውም አይደለም። ያዳነው ናታን ጣቱን ቀስሮ፥ የታሪኩ ባለጠጋ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ንጉሡ መሆኑን የነገረው አንዲት ቃል ናት። ከዚያች ቃል በኋላ ዳዊት ስለ ድሀው መናገር ትቶ ስለ ራሱ ተናገረ፤ እግዚአብሔርንም መበደሉን አመነ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፥ ጥሩ ታሪክ ልባችንን የሚከፍት በር መሆኑን ነው። በሩ መከፈቱ ግን መግባት አይደለም። ብዙ ጊዜ በተከፈተው በር ላይ ቆመን፥ ወደ ውስጥ አይተን፥ እንዴት ያለ ቤት ነው ብለን አድንቀን እንመለሳለን።

4. እንባችን ስለ ማን ነው?

ታላቁ የቤተ ክርስቲያን መምህር ቅዱስ አውግስጢኖስ በወጣትነቱ በካርታጎ ከተማ ሲማር ቴአትር አጥብቆ ይወድ እንደ ነበረ በኑዛዜው መጽሐፍ ይነግረናል። በመድረክ ላይ ለሚለያዩ ፍቅረኞች ያለቅስ ነበር፤ ካላስለቀሰውም ቴአትሩን ጥሩ አይለውም ነበር። በኋላ ግን ወደ ኋላ ተመልክቶ ራሱን መረመረ። ሊረዳው ለማይጠራው፥ ሊያዝንለት ብቻ ለተጋበዘው ሰው የሚያለቅስ ርኅራኄ ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው ብሎ ጠየቀ። በዚያው ወራት የራሱ ነፍስ ስትጠፋ አንዲት የእንባ ጠብታ እንኳ አላፈሰሰላትም ነበርና።

አውግስጢኖስ ይህን ያለው እንባን ንቆ አይደለም። እርሱ ራሱ በእናቱ በቅድስት ሞኒካ እንባ የተመለሰ ሰው ነው። የሁለቱ እንባ ልዩነት ግን ግልጥ ነው። የአውግስጢኖስ እንባ መጋረጃው ሲዘጋ ይደርቅ ነበር። የሞኒካ እንባ ግን ልጇን ተከትሎ ባሕር ተሻገረ።

ጌታችንም በመከራው መንገድ ሳለ ይህንኑ ተናግሯል። ወደ ቀራንዮ ሲወስዱት የሚያለቅሱለት ሴቶች ተከተሉት። እንባቸው እውነተኛ ነበር፤ ጌታም አልናቀውም። ነገር ግን ዘወር ብሎ ስለ እርሱ ሳይሆን ስለ ራሳቸውና ስለ ልጆቻቸው እንዲያለቅሱ ነገራቸው። በዚያው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23፥ ያን ትዕይንት ለማየት የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ የሆነውን ካየ በኋላ ደረቱን እየመታ እንደ ተመለሰ እናነባለን። የትልቁ ሳምንት የመጀመሪያ ተመልካቾች እነርሱ ነበሩ። አዩ፤ አዘኑ፤ ደረታቸውን መቱ፤ ወደየቤታቸውም ተመለሱ። ወንጌሉ ከዚህ በላይ አይነግረንም።

ቅዱስ ሉቃስ በሁለተኛው መጽሐፉ፥ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ላይ ግን፥ በዚያችው ከተማ የሆነ ሌላ ነገር ይነግረናል። በጰራቅሊጦስ ቀን ጴጥሮስ ሲሰብክ የሰሙት ልባቸው ተነካ፤ በዚህ ጊዜ ግን ደረታቸውን መትተው አልሄዱም። ምን እናድርግ ብለው ጠየቁ እንጂ። ምእመናን ሆይ፥ ከደረት መምታት እስከዚያች ጥያቄ ድረስ ያለው መንገድ 50 ቀን ፈጀ፤ መንፈስ ቅዱስንም ጠየቀ። ስሜት ንስሓ የሚሆነው ያችን ጥያቄ ሲጠይቅ ነው።

5. ያላለቀሱት ሰው

ወደዚያ ምሽት ልመልሳችሁ። ሁሉም ሲያለቅስ አንድ አዛውንት ግን አላለቀሱም። በኋለኛው በር አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ፊልሙ ሳይፈጸም ተነሥተው እንደ ወጡ አይቻለሁ። ነገሩ አልጣማቸውም ብዬ አለፍኩት።

ከ3 ሳምንት በኋላ ወደ እኔ መጡ። ያነጋገሩኝ በምሥጢረ ንስሓ አይደለም፤ በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነው። ለሌላው የሚጠቅም ከሆነ ስማቸውን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ አደራም ብለውኛል።

«አባ፥ እንቅልፍ አጣሁ» አሉኝ። «ያን ምሽት በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን በዋሻው ከተሸሸጉት ልጆች ጋር አስቀመጠ። እኔ ግን ራሴን ያገኘሁት በፈላጊዎቹ መካከል ነው።»

ከዚያም ነገሩኝ። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1980 ዓ.ም. ገደማ፥ በደጋው በሚገኝ አንድ የገበሬ ማኅበር አብዮት ጠባቂ ነበሩ። ኮታ መጣ። ኮታው ካልሞላ የራሳቸው ታናሽ ወንድም እንደሚወሰድ ያውቁ ነበር። በመንደሩ የአንዲት እናት ልጅ በጓሮ በእንሰቱ መካከል ተሸሽጎ እንደሚያድርም ያውቁ ነበር፤ ከልጁ ጋር አብረው ከብት የጠበቁ ናቸውና። በሌሊት መጥተው ቦታውን አሳዩ። ልጁ ተወሰደ።

«ይህ ብቻ ቢሆን» አሉኝ፥ «ዘመኑ ነው፥ ታዝዤ ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር። 30 ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልኩ ኖሬያለሁ። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።» መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. ከጦር ሜዳ የተመለሰ አንድ ወታደር መንገድ ላይ አግኝቷቸው፥ ያ ልጅ በሰሜን ጦር ግንባር ሲሞት በዓይኑ ማየቱን ነገራቸው። ወታደሩ የሌላ አገር ሰው ነበርና መንገዱን ቀጠለ። እርሳቸውም መርዶውን ዋጡት። መርዶ ነጋሪ ሆነው ቢሄዱ፥ ማን አሳልፎ ሰጠው የሚለው ጥያቄ እንዳይነሣ ፈሩ። እናቲቱም ኋላ ወደ ሲቀላ ወርደው ከሌላ ልጃቸው ጋር መኖር ጀመሩ። ሁለቱም በአንድ ሰበካ ያስቀድሳሉ። እኚያ እናት ለቅዳሴ ጸሎት የልጃቸውን ስም ሲያስመዘግቡ ሁልጊዜ በሕያዋን ዘንድ ነበር።

እኔም እነዚያን ስሞች ለዓመታት ያነበብኩ ሰው ነኝ።

«ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያ ምሽት ካለቀሱት ሁሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም። የጠየቁኝ ያላለቀሱት ብቻ ናቸው።

6. እርጥብ ሣር

ይህ ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው። የጋሞ አባቶች ጎሜ የሚሉትን ታውቃላችሁ። የተሸሸገ በደል በበዳዩ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ቤቱንና ጎረቤቱን፥ መሬቱንና ከብቱንም ይነካል ይላሉ፤ መፍትሔውም በአደባባይ፥ በዱቡሻው፥ መናገር ነው። እኛ ክርስቲያኖች በደልን የሚያስወግደው የክርስቶስ ደም መሆኑን እናምናለን። ሆኖም የተደበቀ በደል እንደማይሞት አባቶቻችን አስቀድመው አውቀውት ነበር፤ በዚህም ወንጌልን የሚቀበል መሬት አዘጋጅተዋል።

ሣሩንም ታውቃላችሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ በቡራዩ ሰዎች በግፍ ተገደሉ፤ ብዙዎቹም የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። የዚያ ግፍ ወሬና ሥዕል በየስልኩ ወደ አርባ ምንጭ ደረሰ። ወጣቶቹም በኀዘንና በቍጣ ነድደው ለበቀል ወጡ። ኀዘናቸው እውነተኛ ነበር፤ ያለቀሱትም ለገዛ ወገናቸው ነበር። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በባህሉ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲንበረከክ አልፎት የሚሄድ የለም። ወጣቶቹ ቆሙ፤ የንጹሓንም ደም ሳይፈስ ቀረ። የእነዚያ የተንበረከኩ አባቶች ሥዕልም በአገሪቱ ሁሉ ታየ፤ ብዙዎችንም አስለቀሰ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ቀን ሥዕል ከሥዕል ጋር ተጋጠመ። አንዱ ሥዕል ልብን አንድዶ ወደ ደም ሊወስድ ነበር፤ ሌላው ያንኑ የነደደ ልብ ወደ ሰላም መለሰው። ልዩነቱ በስሜቱ ብርታት አልነበረም። ልዩነቱ በሁለተኛው ሥዕል ውስጥ ራሱን ዝቅ አድርጎ ዋጋ የከፈለ ሰው መኖሩ ነው።

እኚህ አዛውንትም ያንኑ መንገድ መረጡ። 3 ሽማግሌዎችን ይዘው፥ እርጥብ ሣር በእጃቸው አድርገው በአንድ ማለዳ ወደ እናቲቱ ቤት ሄዱ። እኔም ከኋላ ነበርኩ። በግቢው ተንበርክከው ሁሉንም ተናገሩ፤ ሌሊቱን፥ እንሰቱን፥ ወታደሩን፥ የተዋጠውንም መርዶ። እናቲቱ አንድም ቃል ሳይመልሱ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። ከውስጥ የልቅሶ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ከጕልበታቸው አልተነሡም። ፀሐዩ እስኪበረታ ድረስ እንዲሁ ቆየን።

እኩለ ቀን ሲሆን እናቲቱ ወጡ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሲወስዱት ጫማ አድርጎ ነበር?»

«አላደረገም፥ እማማ» አሉ ሰውዬው። «ባዶ እግሩን ነበረ።»

እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ጫማውን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፤ ዱካው እንዳይታወቅ ብዬ» አሉ። ቀጥለውም ልጃቸውን ጠርተው ለሽማግሌዎቹ ውኃ እንዲያመጣ አዘዙ። ይቅር ብያለሁ የሚለውን ቃል በዚያ ቀን አልተናገሩም፤ እኔም እንዲናገሩት አልገፋፋኋቸውም። ይቅርታ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ የራሱም ጊዜ አለው። ሣሩን ግን ከሰውዬው እጅ ተቀበሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሰበካው ጽሕፈት ቤት መጥተው የልጃቸውን ስም አስመዘገቡ። በዚህ ጊዜ ያስመዘገቡት በሙታን ዘንድ ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ለቆየ ልጅ የመጀመሪያው የመታሰቢያ ቅዳሴ ተደረገ። ሰውዬው በኋለኛው ወንበር ነበሩ። ሰላምታ በምንለዋወጥበት ጊዜ እናቲቱ ዘወር ብለው አዩአቸው፤ ራሳቸውንም ዝቅ አደረጉ። እስካሁን ያለው ይህ ነው። ከዚህ የሚበልጠውን እንጠብቃለን፤ እንጸልያለንም።

7. ከጤዛው በታች

ወደ ጤዛው እንመለስ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እንደምናነበው፥ እስራኤል በምድረ በዳ በተራቡ ጊዜ በማለዳ በሰፈሩ ዙሪያ ጠል ወርዶ ነበር። ጠሉም አለፈ፤ እንደ ማንኛውም ጠል ፀሐይ ሲወጣበት ጠፋ። ነገር ግን ካለፈ በኋላ በምድር ላይ የቀረ አንድ ነገር ነበረ። ያም እግዚአብሔር የሰጣቸው እንጀራ፥ መና ነበረ። ሕዝቡ የኖረው በጠሉ አይደለም፤ ጠሉ ካለፈ በኋላ በቀረው ነው። መናውንም ለመሰብሰብ ጎንበስ ማለት ያስፈልግ ነበር። ጠሉን አይቶ ተደስቶ ወደ ድንኳኑ የተመለሰ ሰው ተርቦ ይውላል።

የፊልሙም ፍጻሜ እንዲህ ነው። አንበርብር ያጣው እግር አይመለስም፤ የሞተውም ጓደኛው አይነሣም። ነገር ግን በዚያች በተጎዳች መንደር ሕፃን ይወለዳል፤ እርሱም የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል። ለዘመናት ያስጨነቀው ትዝታ የሚያርፈው በመረሳት ሳይሆን ለሌላው በሚሰጥ ሥራ ነው።

ስለዚህ ውድ ምእመናን፥ በተለይም እናንተ ወጣቶች፥ ፊልም አትዩ አልላችሁም። የሚያስለቅስ ሥራ ባያችሁ ጊዜ አልቅሱ፤ ልብ እንዳልደነደነ ምልክት ነውና። ነገር ግን ከመተኛታችሁ በፊት 3 ጥያቄዎችን ራሳችሁን ጠይቁ። የመጀመሪያው፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ በእውነት ማን ነኝ የሚል ነው። ሁላችንም በተበደለው ቦታ መቀመጥ እንወዳለን፤ ናታን ግን በባለጠጋው ቦታ እንድንቀመጥ ይጠራናል። ሁለተኛው፥ በአጠገቤ ያለው፥ በእርግጥ ልረዳው የምችለው፥ የዚህ ታሪክ ሰው ማን ነው የሚል ነው። በመንደራችን ልጁን ያጣ፥ ከጦርነት የተመለሰ፥ ሌሊት የሚቃዥ፥ ስለዚህም ጎረቤት የሚሸሸው ሰው አለ። ሦስተኛውም፥ ይህ ሳምንት ሳያልፍ ምን ላድርግ የሚለው የጰራቅሊጦስ ቀን ጥያቄ ነው። መናው ለነገ ሲያቆዩት ይተላ እንደ ነበር አስታውሱ፤ በጎ አሳብም እንዲሁ ነው።

ለእኔም ለካህኑ ትምህርት ነበረው። የስብከትን ፍሬ በእንባ መለካት ትቻለሁ። በእያንዳንዱ እሑድ በመሠዊያው ላይ የምናየው ትዕይንት ከሁሉ ይበልጣል፤ የሚሠዋው ራሱ ጌታ ነውና። እርሱንም ደረታችንን መትተን ብቻ እንመለስበት ዘንድ አልሰጠንም። እንድንበላውና እርሱን እንድንመስል ሰጠን እንጂ።

ያው ነቢዩ ሆሴዕ በመጽሐፉ ፍጻሜ፥ በምዕራፍ 14፥ ነገሩን ይገለብጠዋል። በመጀመሪያ የሕዝቡ ፍቅር እንደሚያልፍ ጠል ነበረ፤ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር ራሱ ለእስራኤል እንደ ጠል ሊሆንላቸው፥ እነርሱም እንደ አበባ ሊያብቡና ሥር ሊሰዱ ተስፋ ይሰጣቸዋል። የእኛ ጤዛ ይተናል፤ የእርሱ ግን ሥር ያበቅላል።

እንጸልይ፦ አቤቱ አምላካችን ሆይ፥ የሚፈስሰውን እንባችንን የምታይ፥ የማይፈስሰውንም የምታውቅ አንተ ነህ። ለሰው ሲያዝን ራሱን የማይመረምር ልብ እንዳይኖረን ጠብቀን። የዋጥነውን መርዶ እንድንናገር፥ የሸሸግነውንም በደል እንድንገልጥ ድፍረት ስጠን። ልጆቻቸውን በጦርነት ያጡትን እናቶች አጽናና፤ ሳይቀበሩ የቀሩትን በመንግሥትህ አስባቸው። እርጥብ ሣር ይዞ ለሚመጣ በራችን እንዳይዘጋ፥ ተዘግቶም ከሆነ እንዲከፈት አድርግ። ይህንንም በልጅህ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንለምንሃለን። አሜን።